ሦስተኛው «ደህና ነኝ»

ፕሮግራሙ የወረደው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቢሮ ስንገባ የአንዳንዶቹ ኮምፒውተር ስክሪን ነጭ ሆኖ «እባክዎ አይንኩ፤ በመጫን ላይ ነው» ይላል። የሌሎቻችን እንደ ወትሮው ነው። ስክሪናቸው የነጣባቸው ሰዎች ከወንበራቸው ጀርባ ቆመው ጠበቁ። ማንም ምንም አልጠየቀም። በእኛ ቢሮ ሁሉም ነገር የሚጫነው ከማዕከል ነው፤ መጫንም ማጥፋትም አንችልም። የስክሪናችንን ብርሃን እንኳን የሚቀንስልን አይቲ ክፍል ነው።

የነጣው ስክሪን ሲመለስ ጥጉ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ነበረችበት። የእኔ ላይ የለችም። ተጎንብሼ በአራቱም ጥግ ፈለግኩ። የለችም።

ፌቨን ከአይቲ ክፍል ወርዳ በወንበሮቹ መሃል ቆመች። ረጋ ያለች፣ ስትናገር ሰው ፊት የማታይ ሴት ናት።

«ለሁላችሁም አይደለም የወረደው» አለች። «ለተመረጡ ኮምፒውተሮች ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ብዙ ሥራ ያለባቸው ናቸው የተመረጡት። ፕሮግራሙ አሠራራችሁን ያያል። እናንተ እንደ ወትሮው ሥሩ።»

«አይቶ ምን ሊሆን?» አላት ረምዚ። ረምዚ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው፤ ቢሮውን የሚያስቀው እሱ ነው።

«ሊማር።»

«አቦ፣ እኔን ካየ መቃም ነው የሚማረው።»

ሰዉ ሳቀ። ፌቨን አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም፤ የሚጎዳው የተመረጠው ነው ወይስ ያልተመረጠው እያልኩ ሁለቱንም እያሰብኩ ነበር።

የእኛ ቢሮ የድሬዳዋን የቀዝቃዛ አየር ድልድል የሚያወጣ ነው። አየሩ ከማዕከል በቱቦ ወደየቤቱ ይሄዳል። ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ በየቀኑ ከየሰፈሩ የተወሰኑ ቤቶች እስከ ምሽት ይዘጋባቸዋል። ስንት ቤት እንደሚዘጋ ከላይ ተወስኖ ነው የሚመጣው፤ የእኛ ሥራ የትኞቹ እንደሆኑ መርጦ ቁልፉን መጫን ነው። አንዱን ያለፈ ሠራተኛ ቀጥሎ ያለውን መዝጋት አለበት። ቁጥሩ መሙላት አለበት።

መመሪያው ደውላችሁ ጠይቁ አይልም። ድሮ የሐኪም ወረቀት እናይ ነበር፤ ወረቀት የሌለው ሰው እየጠፋ ሲመጣ ቢሮው ወረቀት ማየት አቆመ። እኔ ግን ሳልደውል ዘግቼ አላውቅም። ሳልደውል ብዘጋ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ቤት ነው የማየው፤ በሩ ተዘግቶ፣ ሕፃኑ ዝም ብሎ፣ ጎረቤት እያንኳኳ።

ደውሎ መጠየቅም ቢሆን ቀላል አይደለም። የእኛ ሰው «ደህና ናችሁ?» ሲሉት ደህና ነን ይላል። ጓዳው ውስጥ ሰው እያጣጣረ እንኳን መጀመሪያ ደህና ነን፣ ተመስገን ነው የሚለው። ስለዚህ የመጀመሪያውን አላምንም። ስለ ልጆቹ እጠይቃለሁ፤ ደህና ናቸው ይላል። ሌሊት እንቅልፍ ወስዷችሁ እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ደህና ነው ያደርነው ይላል። ከሦስተኛው በኋላ እኔም ዝም እላለሁ። ስልኩን ሳልዘጋ፣ ጉሮሮዬን ትንሽ ጠርጌ፣ ዝም። ሰው ያንን ዝምታ አይችለውም። «ይቺ ትንሿ ግን ከትናንት ጀምሮ ጡት እምቢ አለች» ይላል። ያኔ «አይዞህ፣ ዛሬ አንነካችሁም» ብዬ ወደ ቀጣዩ ቤት እሄዳለሁ።

እናት ስለ ልጇ ስትናገር ግን አላምንም ነበር። እናት ነኝና አውቀዋለሁ፤ ደህና የሆነውንም ልጅ ሞተ እንላለን። «እሱን ራሱን አቅርቢልኝ» እላለሁ። ከኋላ ቃል የሚያቀብል ሹክሹክታ ከሰማሁም አልራራም፤ አየሩን እዘጋለሁ።

በዚህ አሠራር የሚዘጋበት እስከ መጨረሻው ደህና ነኝ ያለ ሰው ነው። ሰው ማስቸገር የማይወደው፣ ጨዋው ሰው። ይህን አውቀው ነበር። ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

«ቤዚ፣ አቦ፣ ልትዘጊበት ነው ወይስ ልትድሪው?» ይለኝ ነበር ረምዚ። «እናቱ ደህና፣ አባቱ ደህና፣ እንቅልፉ ደህና! ቀለበቱን ደግሞ መቼ ነው የምናስረው?»

«አንድ ቀን አንድ ቤት ውስጥ ሰው ይሞትብሃል» እለዋለሁ።

«አንቺ ደግሞ በሐሳብሽ በየቀኑ ነው የምትገድያቸው።»

ቢቀልድብኝም ያለ እኔ አይሆንለትም። ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ሰው አይሠራባትም፤ ከተማው እንዲህ ሳይግልም አይሠራባትም ነበር ይላሉ። መንገዱ ባዶ ይሆናል፤ ሰዉ ከዚራ ሰፈር ምድር ቤት ወርዶ ጫት ይቅማል፣ ወይም ይተኛል። ቢሮው ግን ከሰዓት በኋላ ማንም እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ኮምፒውተሩ ብዙ ዝም ካለ ለአለቃ ይነግራል። ስለዚህ የእኛ ሰዎች ካርዳቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክተው ይሄዳሉ፤ እኔ አልቅምምና እቀራለሁ።

«ወንበሬን አሙቂልኝ» ይላሉ ሲወጡ።

ወንበር ማሞቅ ማለት ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ አልፎ አልፎ መነካካት ነው። እኔ ግን ነካክቼ አልተውኩትም። የመኖሪያ ሰፈሮቹ የሚዘጉት ከሰዓት በኋላ ነው፤ እነሱ ሳይደውሉ በተራ ጭነውት ሊሄዱ ነበር። «ተዉት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው እየተዘዋወርኩ የሁሉንም ሰፈር እኔ እደውል ነበር። ለእኔ በሥራ የተሰጠኝ ሰፈር መጋላ ነው፤ ሱቅ ስለሆነ የሚዘጋው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ የእኔ ኮምፒውተር ጠፍቶ ይውላል።

ይህን ሁሉ የምችለው ለሌላ ሰው ብዬ ብቻ አይደለም። የቢሮው ሠራተኛ ቤት አይዘጋበትም። ሕጉ እንደዚያ ነው። እኔ ደግሞ ሔራን አለችኝ።

ሔራን ልጄ ናት፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከተወለደች ጀምሮ ላብ አያልባትም። ሌላው ሰው ሲሞቀው ያልበውና ይቀዘቅዛል፤ የእሷ ሙቀት ውስጧ ይቀራል። መጀመሪያ ጉንጯ ይቀላል፣ ከዚያ ቃል ይምታታባታል፣ ከዚያ ትወድቃለች። ሁለት ጊዜ ወድቃ አይቻለሁ። ሦስተኛውን በየቀኑ ነው የማየው። ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የሚደውልልኝ ሰው መርዶ ይዞ የመጣ ይመስለኛል። እሷ ይህንን ታውቃለች፤ ትናደዳለች። «እማዬ፣ እኔን አትቅበሪኝ፤ ገና አልሞትኩም» ትለኛለች።

አረንጓዴዋ ነጥብ ከመጣች በኋላ ወራት አለፉ። የቢሮው ሰው ረሳት። ምሳ ሲያልቅ ካርዳቸውን ሰክተው ወጡ፤ እኔም ወንበር ለወንበር እየዞርኩ ደወልኩ። በየስክሪኑ ጥግ ነጥቧ አለች። እያየችኝ እንደሆነ አላሰብኩም። እነሱን የምታይ ነበር የመሰለኝ፤ ካርዱ የእነሱ ነው፣ ስሙ የእነሱ ነው።

«ያንቺ ላይ ለምን አልወረደም?» አለኝ ረምዚ አንድ ቀን ጠዋት።

«እንጃ። ምናልባት አሮጌ ነው ብለው።»

«ኮምፒውተሩን ነው ወይስ አንቺን?»

«ሂድ ወደዚያ!»

«አይ፣ ዕድለኛ ነሽ ወላሂ። ይሄ ተምሮ ሲጨርስ እኛን ነው የሚያባርረን። አንቺ ትቀሪያለሽ፤ መጋላን ይዘሽ ከነስጋትሽ።»

ተመስገን አልኩ በልቤ። ረምዚ መንታ ሕፃናት አሉት። ያንን እያወቅኩ ነው ተመስገን ያልኩት።

ሁለተኛው ጭነት የመጣው ከክረምቱ በፊት ነው። በዚያ ጠዋት ነጥብ ያለባቸው ኮምፒውተሮች ብቻ በሩ፤ የእኔና የሌሎች ሁለት ሰዎች ጨለማ ሆነው ቀሩ። ካርዴን ደጋግሜ ሰካሁ። ፌቨን መጥታ ጎኔ ቆመች።

«መጋላ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሏል» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ከዛሬ ጀምሮ ፕሮግራሙ ነው የሚሠራው። ነጥብ ያላቸው በታዛቢነት ይቀመጣሉ፤ ሕጉ ወንበሩ ላይ ሰው ይኑር ይላል። የእናንተ ወንበር ግን ታጥፏል።»

«እኔ ምን አጠፋሁ?»

«አላጠፋሽም። ኮምፒውተርሽ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ከላይ የሚታየው እሱ ነው።»

ቤቴስ አልኳት። እስከ ወሩ መጨረሻ አለች፤ ከዚያ እንደ ማንኛውም ቤት ነው።

ከምሳ በኋላ ዕቃዬን በፌስታል እየሰበሰብኩ ሳለ የረምዚ ስክሪን መደወል ጀመረ። ረምዚ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ታዛቢ ምንም አይነካም። ከስክሪኑ የወንድ ድምፅ ወጣ፤ ረጋ ያለ፣ የማንም ያልሆነ ድምፅ። ደህና ናችሁ አለ። ሴትዮዋ ደህና ነን አለች። ልጆቹስ አለ። ደህና ናቸው። ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳችሁ? አዎ፣ ተመስገን። ከዚያ ድምፁ ጉሮሮውን ትንሽ ጠረገና ዝም አለ።

ፌስታሉ ከእጄ ወደቀ።

ዞር ብዬ ቀጣዩን ስክሪን አየሁ። እሱም ይደውላል። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም። በቢሮው ውስጥ የበሩት ኮምፒውተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ጉሮሮ እየጠረጉ ዝም ይላሉ። ረምዚ ቀና ብሎ አየኝ። መቀለድ ፈልጎ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ዘጋው።

ፌቨንን ተከትዬ ወደ ላይ ወጣሁ። በሩን ዘግቼ «ከሰዓት በኋላ በሁሉም ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ» አልኳት። «ያያችሁት እኔን ነው። ሁሉም እኔ ነኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችኝ።

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

«ፕሮግራሙ አዲስ አበባም ሊወርድ ነው። ሰመራም፣ ጋምቤላም። ይሄን ከተናገርሽ ታች ያሉት ሁሉ ካርድ ሰክተው ሲቅሙ እንደነበር ይታወቃል። አንድም አይቀርም፤ የሁሉም ቤት ይዘጋል። አንቺን ደግሞ አይመልሱሽም፤ በሰው ካርድ ስትሠሪ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

«ልጄ ላብ አያልባትም።»

ፌቨን ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሳች፣ አስቀመጠች። «ሲደወል እውነቱን ትናገር» አለች በመጨረሻ። «አንቺ ሰው ታምኚ ነበር አይደል?»

እኔ ሰው አላምንም ነበር። አሠራሬ በሙሉ ሰው ባለማመን ነው።

ስወርድ ረምዚ በሩ ድረስ ሸኘኝ። «ገንደ ቆሬ በእኔ ወንበር ነው የሚሠራው፤ እናንተ የምትኖሩበት ሰፈር» አለ። «እኔ አለሁ።»

«ምን ታደርግልኛለህ?»

እጆቹን ተመለከተ። «አያለሁ» አለ። መንታዎቹን አስቤ ምንም ሳልለው ሄድኩ። ፌቨን የነገረችኝንም ለማንም አልተናገርኩም።

የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ቤቱን አዘጋጀሁ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድኩ፤ ባሊዎቹን ሞላሁ፤ አንሶላ ነክሬ በገመድ ላይ ሰቀልኩ። በረዶ ከሚሸጥበት ቤት ዋጋ ጠየቅኩ። ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደውን ጥላ ያለበትን መንገድ ሄጄ አየሁት። ሔራን መጽሐፏን ይዛ ሁሉንም ስሠራ ታየኛለች።

«ሲደውሉ አንቺ ነሽ የምታወሪው» አልኳት። «እኔን አያምነኝም። ሙቀት አልችልም በይ። ወዲያው በይ።»

«በየቀኑ አሞኛል እያልኩ ልኖር ነው?»

«አዎ።»

«ለማያውቀኝ ነገር?»

«ያውቅሻል» አልኳት። ሌላ ምን እንደምላት አላወቅኩም።

የመጀመሪያው ቀን አልተደወለም። ሁለተኛውም አልተደወለም። ግድግዳው ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ይውላል፤ እኔ ከሥሩ ወንበር አድርጌ ድምፁን እጠብቃለሁ። ግድግዳችን ስስ ነው፤ በዚያ በኩል የአዴ ኑሪያ ማቀዝቀዣም ያጉረመርማል። አዴ ኑሪያ ብቻዋን የምትኖር ባልቴት ናት፤ ልጆቿ ጅቡቲ ናቸው። ሔራን ትንሽ እያለች እኔ ሥራ ስውል የምታያት እሷ ነበረች። ሁለቱ ማቀዝቀዣዎች አብረው ሲሠሩ የትኛው የእኛ እንደሆነ አይለይም።

በሦስተኛው ቀን ምሳ በልተን እንደጨረስን የቤቱ ስልክ ጮኸ።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ከድልድል ቢሮ ነው። ደህና ናችሁ?»

አላስቻለኝም። «ልጄ ሙቀት አትችልም» አልኩ። «ላብ አያልባትም፤ ትወድቃለች፣ ሁለት ጊዜ ወድቃብኛለች…»

«እሺ እናቴ። እሷን ራሷን ያቅርቡልኝ።»

እንዲህ እንደሚል አውቅ ነበር። ስንቱን እናት እንዲህ ብያታለሁ!

ሔራን ተነስታ ስልኩ አጠገብ ቆመች።

«ሄሎ።»

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከአፏ አምልጧት እንደሆነ ብዬ አየኋት። አላመለጣትም። አንገቷን ቀና አድርጋ ነው ያለችው።

«ትምህርትስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ሌሊት እንቅልፍ ወስዶሻል?»

«አዎ፣ ደህና ተኝቻለሁ።»

ድምፁ ጉሮሮውን ጠረገ። ዝም አለ።

መናገር ብችል ኖሮ እጮህ ነበር። ግን ከኋላ ድምፅ ከሰማ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ሔራን ወደ ግድግዳው ዞራለች፤ የማየው ጀርባዋን ብቻ ነው። ዝምታው ረዘመ። እኔ ይህን ያህል እጠብቅ ነበር? ይህን ያህል ሳልቆይ አየሩን አልዘጋም ነበር? ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ገና አልዘጋውም፤ ገና።

«እፈራለሁ» አለች ሔራን።

ድምፁ ምንም አላለም።

«ሲሞቅ እፈራለሁ። ስወድቅ ይታወቀኛል። መጀመሪያ ቃል ይጠፋብኛል፣ መጥራት እንኳን አልችልም።» ትንፋሿ ተቆራረጠ። «ደህና ነኝ የምለው እናቴ እንዳትሰማ ነው። እሷ ከሰማች አትተኛም።»

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አለ ድምፁ። «ዛሬ አንነካችሁም።»

ስልኩ ተዘጋ። ሔራን እንደቆመች ቀረች። ሄጄ ከኋላዋ አቀፍኳት፤ ደረቅና ሙቅ ናት፣ እንደ ሁልጊዜዋ። ያንን ነገር አመሰገንኩት። የሠራኝን ይሁን የሠራሁትን፣ ማንን እንደማመሰግን አላወቅኩም።

ከዚያ በግድግዳው በኩል ስልክ ጮኸ።

ቁጥሩ መሙላት አለበት። አንዱን ያለፈ ቀጥሎ ያለውን ይዘጋል። ይህን ለዓመታት ስሠራ ቀጥሎ ያለው ቤት ድምፅ ኖሮት አያውቅም ነበር።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለች አዴ ኑሪያ። ጆሮዋ ስለደከመ ጮክ ብላ ነው የምታወራው። «ልጆቼም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። እንቅልፍ? ተኝቻለሁ፣ ተኝቻለሁ። ደህና ነኝ።»

ዝምታው መጣ። ከግድግዳው በዚህ በኩል ሆነን ጠበቅን። ተናገሪ አልኩ በልቤ። ደም ግፊትሽን ንገሪው። ትናንት ደረጃው ላይ ዐረፍ ዐረፍ እያልሽ የወጣሽውን ንገሪው።

«አንተስ ልጄ?» አለች አዴ ኑሪያ። «አንተ ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው?»

መልስ አልሰጣትም። እንዲህ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ እኔም ምን እንደሚመልስ አላስተማርኩትም። ትንሽ ቆይቶ በዚያ በኩል የነበረው ማቀዝቀዣ ቆመ። አሁን የሚያጉረመርመው አንድ ብቻ ነው፤ የእኛ እንደሆነ በደንብ ይለያል።

ሔራን ከእቅፌ ወጣች። ፍራሿን ከማቀዝቀዣው ሥር ጎትታ ወደ ጥግ አደረገች፤ በቦታው የእኔን ወንበር አስጠግታ ለአዴ ኑሪያ ትራስ አስደገፈችበት። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ እንደ ምድጃ ይፋጃል።

አዴ ኑሪያ በሩን ስትከፍት ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«አዴ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ልጆቹስ ደወሉልሽ?»

«ደህና ናቸው። ምን ሆነሽ በዚህ ሙቀት ወጣሽ? ግቢ እንጂ፣ ልጅቷን ብቻዋን አትተያት።»

«ሌሊት እንቅልፍ ወስዶሻል?»

«ተኝቻለሁ። ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ።»

እኔም ዝም ብዬ ደጃፏ ላይ ቆምኩ።